በአየር ግፊት የሚሠራ የበር ማንሻን መፈተሽና ማስተካከል፦ ለባሕር ዳር ላቫጆዎችና ጋራዦች

በአየር ግፊት የሚሠራ የበር ማንሻ የሚመረጠው ውሃ በማይጠፋበት ቤት ነው። መኪና በሚታጠብበት ላቫጆ የኤሌክትሪክ ሞተር በእርጥበትና በሳሙና ቶሎ ይጎዳል፤ በሩን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ሲሊንደር ግን የታመቀ አየር እንጂ ሌላ የማይፈልግ በመሆኑ ውሃ ቢረጭበትም አይቃጠልም። ኮምፕሬሰሩም ጎማ ለመንፋትና ሞተር በአየር ለማጽዳት አስቀድሞ በግቢው ውስጥ ስለሚገኝ ብዙዎች ይህን ዓይነት ማንሻ ይወዱታል። የሚወዱት ግን እስኪሰንፍ ድረስ ነው። «ኢንጂነር፣ በሩ ሰነፈብን» የሚለው ስልክ የሚደወለው በሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም፣ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ወይም ሲዘጋ መሬቱን በኃይል ሲመታ ነው፤ በዚህ ጊዜም የሁሉም ጣት የሚቀሰረው ወደ ሲሊንደሩ ነው።

እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ ጣቴን ወደዚያው ቀስሬ ነበር። በአንድ ላቫጆ በሩ መነሳት ሲያቅተው ሲሊንደሩን አውርጄ ፈታሁት፣ የፒስተኑን ማተሚያ ጎማዎች ቀየርኩ፣ ገጠምኩት፤ በሩ ግን ያው ነው። እንደገና አውርጄ እንደገና ገጠምኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ ቀና ብዬ ስመለከት ከበሩ በላይ በዘንጉ ላይ ከተጠመጠሙት ሁለት ሞላዎች አንደኛው ተሰብሮ በመካከሉ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ይታያል። ሲሊንደሩ ጤነኛ ነበር፤ የግማሹን በር ክብደት እንዲሸከም ስለተፈረደበት ብቻ ነው አልችልም ያለው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ በሩ፣ ቀጥሎ አየሩ፣ ከዚያ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ቫልቭና ኤሌክትሪኩ፣ በመጨረሻ ሲሊንደሩ። ይህ ጽሑፍም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ

ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር በማጣሪያና በግፊት ማስተካከያ ሬጉሌተር በኩል አልፎ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የአየሩን መንገድ ወደሚቀይረው ሶሌኖይድ ቫልቭ ይገባል። ቫልቩ ትእዛዝ ሲደርሰው አየሩን ወደ ሲሊንደሩ አንደኛው ወገን ይልካል፤ በሌላው ወገን ያለውን አየር ደግሞ በድምፅ መቀነሻው በኩል ወደ ውጭ ያስወጣል። የፒስተኑ እንቅስቃሴ በካቦና በፑሊ ወደ በሩ ይተላለፋል። በብዙ ማንሻዎች ላይ ፑሊው የተደረገው በሩ ከፒስተኑ እጥፍ ርቀት እንዲጓዝ በመሆኑ 2.4 ሜትር ከፍታ ያለውን በር 1.2 ሜትር የሚጓዝ ሲሊንደር ያነሳዋል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

በቁጥር ሲታይ፣ የውስጥ ስፋቱ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ6 ባር ግፊት 1,870 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም 190 ኪሎ የሚያህል ክብደት ለማንሳት የሚበቃ ኃይል ይሰጣል። በፑሊው ምክንያት በሩ ላይ የሚደርሰው ሰበቃው ሳይቀነስ 95 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስረዳል። የመጀመሪያው፣ በሩን የሚሸከመው ሞላው እንጂ ሲሊንደሩ አለመሆኑ ነው፤ ሲሊንደሩ በሞላ የተመጣጠነውን በር ከመግፋትና ከመሳብ ያለፈ ሥራ ሊሰጠው አይገባም። ሁለተኛው፣ በሩ በሰው ላይ ሲዘጋ የሚያርፈው ኃይል ቀላል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በሩ በሰነፈ ቁጥር ሬጉሌተሩን አጥብቆ ግፊት መጨመር ችግሩን ሸፍኖ አደጋውን የሚያሳድግ ልማድ በመሆኑ ፈጽሞ አልመክረውም።

እጅ ከማስገባት በፊት

ሥራው የሚጀመረው በሩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ መሆን አለበት። በሩ ወደ ላይ ወጥቶ ካልወረደ ደግሞ በሁለቱም ወገን ከሐዲዱ ጋር በጠንካራ መያዣ ይታሰር፣ ከሥሩም በወፍራም እንጨት ይደገፍ። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ይጥፋ፣ የአየሩ መዝጊያ ይዘጋ፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው አየርም በማጣሪያው ሥር ባለው ማፍሰሻ በኩል ይውጣ። የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ ማንበቡ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዶቹ ቫልቮች ትእዛዝ በሌለበት ሁሉንም መንገድ ስለሚዘጉ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ በቫልቩ ጎን ያለውን የእጅ መግፊያ በሁለቱም አቅጣጫ እየተጫኑ የመጨረሻው ትንፋሽ እስኪወጣ ድረስ ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ።

ስለ ሞላው አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። በሩ ወርዶ ሲያርፍ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ከምንጊዜውም በላይ ተወጥሯል። የሞላውን መያዣ ቡሎን በተራ ቁልፍ መፍታት ክንድ የሚሰብር፣ ከዚያም የባሰ ጉዳት የሚያስከትል ስህተት ነው። ሞላ ማጥበቅም ሆነ መቀየር ለሥራው የተዘጋጁ ጠንካራ ዘንጎች ላለውና ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። ይህ መመሪያ ሞላው ችግር እንዳለበት እንዴት እንደሚታወቅ ያሳያል፤ ሞላውን ስለ መንካት ግን አያስተምርም።

በሩን መመርመር

ሞላው ከዳር እስከ ዳር በዓይን ይታይ። የተሰበረ ሞላ በጥቅልሎቹ መካከል በግልጽ ክፍተት ያሳያል። የተሰበረ ካለና በሩ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን ከበሩ መለየት በሩን በራስ ላይ መልቀቅ ነውና ምንም ሳይነኩ ደግፈው ባለሙያ ይጥሩ። የሞላ ዕድሜ ከሚታሰበው በላይ አጭር መሆኑንም መገንዘብ ይጠቅማል። በተለምዶ 10,000 ጊዜ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ተብሎ የተሠራ ሞላ በቀን 60 ጊዜ በሚሠራ ላቫጆ ውስጥ ስድስት ወር ሳይሞላው ድርሻውን ይጨርሳል፤ ለመኖሪያ ቤት ጋራዥ ግን ያው ሞላ ለዓመታት ይበቃዋል።

ሞላው ጤነኛ ከመሰለ የበሩ ሚዛን ይለካል። በሩ መሬት ላይ እንዳረፈ የአየሩ ግፊት ወጥቶ ሲሊንደሩ ከበሩ ይለይና በሩን ሁለት ሰው በእጅ ቀስ ብሎ እስከ ወገብ ያንሳው። በደንብ የተመጣጠነ በር በዚያው ከፍታ ላይ ባለበት ይቆማል ወይም በጣም በዝግታ ይንሸራተታል። ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም በሩ ከብዷል፤ ወደ ላይ የሚሸሽ ከሆነ ሞላው ከመጠን በላይ ተጠብቋል።

ግምት ለማይወድ ሰው የሚሻል መንገድ አለ። እህል የሚመዘንበትን ባለ መንጠቆ የእጅ ሚዛን ከበሩ ታችኛ ጠርዝ መካከል ያስሩና በሩን በዝግታ ወደ ላይ ሲስቡ የሚያነበውን፣ ከዚያም በዝግታ ወደ ታች ሲለቁ የሚያነበውን ይጻፉ። ለምሳሌ ሲነሳ 14 ኪሎ፣ ሲወርድ 6 ኪሎ ቢያነብ፣ የሁለቱ አማካይ የሆነው 10 ኪሎ በሞላው ያልተሸፈነው የበሩ ክብደት ሲሆን የልዩነታቸው ግማሽ የሆነው 4 ኪሎ ደግሞ ሰበቃው ነው። አማካዩ ትልቅ ከሆነ ጉዳዩ የሞላ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ግን ሞላውን ትተው ሐዲዱን፣ በውስጡ የሚሽከረከሩትን ትናንሽ ጎማዎችና ኩሽኔታዎቻቸውን ይመርምሩ። ይህ የአምስት ደቂቃ ልኬት የብዙ ሰዓት ክርክር እንደሚያስቀር በራሴ ሥራ አይቻለሁ፤ ቁጥሩንም በየሦስት ወሩ በበሩ አጠገብ በቀለም መጻፍ የሞላውን መድከም አስቀድሞ ያሳያል።

በዚህ ከተማ ዝገት ሲነሳ ብዙ ሰው ጥፋቱን በሐይቁ ላይ ይጥላል። ጣና ጨዋማ ውሃ አይደለም፤ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚሰቃዩበት የጨው ዝገት እዚህ የለም። በላቫጆ ውስጥ ካቦውንና ማጠፊያዎቹን የሚበላቸው የማያቋርጠው እርጥበትና የመኪና ማጠቢያው ሳሙና ነው፤ ጠንካራው የሞተር ማጠቢያ የብረቱን የዚንክ ቅብና አሉሚኒየሙን ስለሚያጠቃ በሩ በየማታው በንጹሕ ውሃ ቢለቀለቅ ዕድሜው ይረዝማል። ካቦው ከታች በሚታሰርበት ቦታ ላይ አንድ የተበጠሰ ክር እንኳ ከታየ ይቀየር። በሐዲዱ ውስጥ ግራሶ መለቅለቅ ግን አሸዋና ጭቃ ሰብስቦ ሌላ ሰበቃ ስለሚፈጥር አይደረግ፤ ሐዲዱ ተጠርጎ መጽዳት፣ ቀጭን ዘይት የሚያገኙት ደግሞ ኩሽኔታዎቹና ማጠፊያዎቹ ብቻ መሆን አለባቸው። በክረምት ወራት ደግሞ በፓነሎቹ ውስጥ የገባ ውሃ በሩን ያከብደዋል፤ ከታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ መደፈናቸውን ማየት አይርሱ።

አየሩ

በሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ አየሩ እንለፍ፤ በባሕር ዳር ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው።

ግፊት የሚነበበው በሩ ቆሞ ሳለ ብቻ ከሆነ ንባቡ ያሳስታል። ጌጁን እየተመለከቱ በሩ እንዲነሳ ያድርጉ። ቆሞ ሳለ 6 ባር ያሳይ የነበረው ጌጅ በሩ ሲንቀሳቀስ ወደ 3 ባር ከወረደ፣ ግፊት ሳይሆን የአየር ፍሰት ነው የጎደለው፤ ምክንያቱም የተደፈነ ማጣሪያ፣ የታጠፈ ቱቦ ወይም ከመጠን በላይ ቀጭን የሆነ መስመር ነው። ጌጁ ሳይወርድ በሩ የሚያዘግም ከሆነ ደግሞ አየሩ ደርሷልና ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የከባቢው አየር ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ 20 በመቶ በሚጠጋ ያንሳል። ጌጁ የሚያነበው ከከባቢው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ 6 ባር እዚህም 6 ባር ነው፤ የሲሊንደሩ ኃይል አይቀንስም። የሚቀንሰው ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ የሚያመርተው አየር ነው፤ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ነውና ታንኩን ለመሙላት ሠሌዳው ላይ ከተጻፈው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሠሌዳውን አይቶ ለበሩና ለጎሚስታው ሥራ ልክ የሚበቃውን ኮምፕሬሰር የገዛ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናና ባጃጅ ሲሰለፍ በሩ የሚሰንፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ትልቁ ጠላት ግን ውሃ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 14 ግራም የሚጠጋ የውሃ ተን ይይዛል። ኮምፕሬሰሩ ይህን አየር እስከ 7 ባር ሲያምቀው መጠኑ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ይጠባል፤ አየሩ ወደ ቀድሞ ሙቀቱ ሲመለስም የያዘውን ተን መሸከም ስለማይችል ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 11 ግራም ያህሉን በታንኩና በመስመሩ ውስጥ ውሃ አድርጎ ይጥለዋል። ከላይ በምሳሌነት የጠቀስነው በር አንድ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ 60 ሊትር የሚያህል የከባቢ አየር ይወስዳል። በቀን 60 ጊዜ ሲሠራ ለእርሱ ብቻ ከ40 ግራም በላይ፣ ማለትም ግማሽ የቡና ሲኒ የሚያህል ውሃ ይጠራቀማል ማለት ነው፤ ጎማ መንፋቱና መኪና ማድረቁ ሲጨመር ሲኒው ወደ ጣሳ ያድጋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ተን ስለሚረጋ፣ ጠዋት የመጀመሪያው መክፈቻ ላይ ቫልቩ ውሃ ሲተፋ ማየት የተለመደ ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከኮምፕሬሰሩ ቦታ ነው። ኮምፕሬሰሩን ከማጠቢያው ቤት ጋር በተያያዘ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የረጠበውን አየር መልሶ ማመቅ ስለሆነ አየር የሚስብበት አፍ ወደ ደረቅና ጥላ ወዳለበት ወገን ይዙር። የታንኩ ማፍሰሻ በየቀኑ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይከፈት። ዋናው የአየር መስመር ወደ መጨረሻው በትንሹ ያዘቅዝቅና ከሥሩ ማፍሰሻ ይኑረው፤ ወደ በሩ የሚሄደው ቅርንጫፍ ደግሞ ከዋናው ቱቦ ሆድ ሳይሆን ከጀርባው ይነሣ፣ ምክንያቱም ውሃው በሆዱ በኩል ይሄዳልና ነው። ይህ የቧንቧ አሠራር ከማንኛውም ውድ ማድረቂያ በፊት መስተካከል አለበት። በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ስለ በረዶና ስለ ፀረ ቅዝቃዜ ፈሳሽ የሚነገረው ምዕራፍ ግን እዚህ ስለማይመለከተን መዝለል ይቻላል።

ዘይት ማንጠባጠቢያ የተገጠመለት ከሆነ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፤ ዘይቱም ለአየር መሣሪያ የተዘጋጀው ቀጭኑ እንጂ የሞተር ዘይት መሆን የለበትም። ፋብሪካው ያለ ዘይት እንዲሠራ አድርጎ ያወጣውን ሲሊንደር ዘይት አንድ ጊዜ ማጠጣት ከተጀመረ መቋረጥ የለበትም፤ አዲሱ ዘይት በውስጡ የነበረውን ግራሶ አጥቦ ስለሚወስደው ነው።

ፍሳሽ ለመፈለግ ማታ ሥራ ሲያልቅ ኮምፕሬሰሩን አጥፍተው የታንኩን ንባብ ይመዝግቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይመልከቱ። የወረደ ከሆነ በሳሙና አረፋ የተነከረ ብሩሽ በየመጋጠሚያው ያዙሩ። ሳሙናው ከግቢው አይጠፋም።

ቫልቩና ኤሌክትሪኩ

በዚህ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ፍተሻ አንድ ብቻ ነው። በሩ ለቁልፉ አልታዘዝ ሲል፣ በበሩ ሥር ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ በቫልቩ ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ይጫኑ። በሩ ከተንቀሳቀሰ በሩም አየሩም ሲሊንደሩም ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ በኤሌክትሪኩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሽቦውን መፈታታት ከንቱ ድካም ነው።

ጉድለቱ የኤሌክትሪክ ሆኖ ከተገኘ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ማለትም የኮይሉ ቮልቴጅ ትእዛዝ በተሰጠበት ቅጽበት በራሱ በኮይሉ ጫፎች ላይ ይለካ። ለ24 ቮልት የተሠራ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ መቀነስን ይታገሣል፤ ከ21.6 ቮልት በታች ካገኙ ኃይል ሰጪውን ወይም ዝገት የበላውን መጋጠሚያ ይጠርጥሩ። ኮይሉ ሲሠራ መሞቁ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እየነዘረ የማይስብ ከሆነ ግን በውስጡ ያለው ትንሽ ዘንግ በቆሻሻ ተይዟል። በማጠቢያ ቤት ውስጥ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሽቦዎች ከሥር እንጂ ከላይ እንዳይገቡ፣ ከመግባታቸውም በፊት ወደ ታች እጥፍ ብለው ውሃ እንዲያንጠባጥቡ ይደረግ።

በሩ ከፍቶ ሳይዘጋ የሚቀር ከሆነ ቫልቩን ከመንካትዎ በፊት በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ በመካከላቸው ሰው ወይም ዕቃ ሲኖር በሩ እንዳይዘጋ የሚያደርጉትን የብርሃን ዓይኖች በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ። የሸረሪት ድር፣ የደረቀ ሳሙናና የተዛነፈ መያዣ ስንቱን ባለሙያ በከንቱ አስጠርቷል። ዓይኖቹን በሽቦ አቋርጦ በሩ ያለ እነርሱ እንዲሠራ ማድረግ ግን ሕፃናትና ሠራተኞች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ ይቅር የማይባል ጥፋት ነው፤ በተደጋጋሚ አጋጥሞኝ መልሼ ሳልገጥም የሄድኩበት ቀን የለም።

ቫልቩ ራሱ በውስጡ ከሚያልፍ አየር ላይ ጥቂት ኃይል ተበድሮ የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ ከ1.5 እስከ 2.5 ባር የሚሆን ዝቅተኛ ግፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ከረጅም የመብራት መቋረጥ በኋላ ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ቫልቩ «ጠቅ» ብሎ በሩ ዝም ቢል አይደንግጡ፤ ታንኩ እስኪሞላ ይጠብቁ። የድምፅ መቀነሻዎቹም በዘይትና በአቧራ ይደፈናሉ። በሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዘግም ከሆነ በዚያ አቅጣጫ አየር የሚያስወጣውን መቀነሻ ፈትተው ይሞክሩ፤ ፍጥነቱ ከተመለሰ በጋዝ አጥበው ማድረቅ ወይም በአዲስ መተካት ነው።

ሲሊንደሩ

እዚህ ከደረሱ በኋላ ብቻ ሲሊንደሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ምልክቱ በሩ ቆሞ ሳለ ከቫልቩ መውጫ የማያቋርጥ የአየር ፉጨት መሰማቱ ነው፤ ይህ ፉጨት ግን ከፒስተኑ ወይም ከቫልቩ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በሩ ተዘግቶ መሬት ላይ ካረፈና የመዝጊያው ወገን ግፊት ላይ እንዳለ፣ የመክፈቻውን ወገን ቱቦ ከሲሊንደሩ ይንቀሉ። ይህ ቱቦ በዚህ ጊዜ ግፊት የለበትም። ከተከፈተው የሲሊንደሩ አፍ አየር ከወጣ የፒስተኑ ማተሚያ ጎማ አልቋል፤ የሲሊንደሩ አፍ ጸጥ ብሎ የቫልቩ መውጫ ማፏጨቱን ከቀጠለ ግን ጥፋተኛው ቫልቩ ነው። ፍተሻው እስኪያልቅና ቱቦው እስኪመለስ ድረስ ማንም የመክፈቻውን ቁልፍ እንዳይነካ አንድ ሰው በቁልፉ አጠገብ ይቁም።

ማተሚያ ጎማው ሲቀየር የፒስተኑ ዘንግ በጣት ጫፍ ይዳሰስ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው አዲሱ ጎማ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቆይም። ዘንጉ ከታጠፈ ደግሞ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሲሊንደሩ መያዣ ከበሩ ጋር አለመስተካከሉ ነውና መያዣውን ሳያስተካክሉ ዘንግ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ማስተካከል

ማስተካከያው የሚደረገው ፍተሻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ማዛባት አያዋጣም፣ አንዱ ሲነካ ቀጣዩ ይለወጣልና።

መጀመሪያ ግፊቱ ይወሰናል። ሬጉሌተሩን ዝቅ አድርገው ይጀምሩና በሩ ከመሬት ሳይንገታገት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የሚደርስበትን ዝቅተኛ ግፊት ይፈልጉ፤ ከዚያ ግማሽ ባር ብቻ ይጨምሩ። ከአምራቹ ወሰን እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ሬጉሌተር ሁልጊዜ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እየወጡ ነው የሚስተካከለው፤ ካለፈም ወርደው እንደገና ይውጡ፣ አለበለዚያ ንባቡ ተመልሶ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። በሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የፍጥነት ቪቴዎች የሚቆጣጠሩት በአብዛኛው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን አየር ነው፤ ስለዚህ የመዝጊያው ፍጥነት የሚስተካከለው በመክፈቻው ወገን ባለው ቪቴ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ቶሎ ሲዘጋ የመዝጊያውን ወገን ቪቴ ያጠብቅና መክፈቻው ሲዘገይ ግራ ይጋባል። ሁለቱንም ሊዘጋ እስኪቃረብ አጥብቀው ይጀምሩ፣ ከዚያም በሩብ ዙር እየፈቱ ይሞክሩ፤ ሙሉ በሙሉ አይፍቱት። ለ2.4 ሜትር በር እኔ የምመርጠው ለመክፈት 7 ሰከንድ፣ ለመዝጋት 10 ሰከንድ ያህል ነው። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ፍጠን ይሉኛል፤ የሦስት ሰከንድ ትርፍ ግን የካቦና የማጠፊያ ዕድሜ ያሳጥራል፣ ከሥሩ የሚያልፈውንም ሰው ጊዜ ይነሣዋል።

በሦስተኛ ደረጃ በጉዞው መጨረሻ ላይ ምቱን የሚያለዝቡት ትናንሽ ቪቴዎች ይነካሉ። ከመጠን በላይ ከጠበቁ በሩ ሊጨርስ ሲል ይንጠለጠላል፤ ከመጠን በላይ ከላሉ ጫፉን ይመታል። ትክክለኛው ቦታ በሩ ያለ ድምፅ የሚያርፍበት ነው። መሬቱ ያልተስተካከለ ከሆነ የታችኛውን ጎማ በግፊት ለማስጠጋት አይሞክሩ፤ መሬቱን በሲሚንቶ ማስተካከል ይቀላል።

በሲሊንደሩ ላይ የበሩን መድረሻ የሚያሳውቁ የማግኔት ማብሪያዎች ካሉ አሁን በቦታቸው ይጠበቁ። የፍጥነቱ ማስተካከያ ከተቀየረ በኋላ እነርሱን አለመፈተሽ በሩ ሳይጨርስ ጨርሻለሁ እንዲል ያደርገዋል።

መብራት ሲጠፋ

የታመቀ አየር አንዱ ጥቅም መብራት ሲሄድም በታንኩ ውስጥ መቆየቱ ነው። የ200 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 6 ባር እስኪወርድ ድረስ ብቻ በምሳሌነት የያዝነውን በር ስምንት ጊዜ ያህል ሊከፍትና ሊዘጋ የሚችል አየር ይሰጣል። ቫልቩ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ግን ወይ ትንሽ ባትሪ ያለው ኃይል ሰጪ ይግጠሙ፣ ወይ ሠራተኞቹን የእጅ መግፊያውን አጠቃቀም ያስተምሩ። በእጅ መግፊያ ሲሠራ የብርሃን ዓይኖቹ እንደማይጠብቁና በሩን የሚያዘው ሰው በሩን እያየ መቆም እንዳለበትም አብሮ ይነገራቸው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ በሩ በራሱ እንዳይንቀሳቀስ ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ ማብሪያውን ሆን ብለው አጥፍተው ሲያበሩ በሩ ያለ ትእዛዝ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው እስኪታረም ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ይሁን።

የመጨረሻው ፍተሻ በሩ ሲዘጋ ነው። አንድ ባዶ ካርቶን በበሩ መንገድ ላይ አቁመው በሩን ይዝጉ፤ ዓይኖቹ ካርቶኑን አይተው በሩን መመለስ አለባቸው። ቀጥሎ ካርቶኑን ከዓይኖቹ መሥመር በታች አጋድመው ይድገሙት፤ በዚህ ጊዜ በሩን መመለስ ያለበት በታችኛው ጠርዝ ውስጥ ያለው የጎማ ማብሪያ ነው። ካርቶኑ ከተጨፈለቀ ግፊቱንና የጎማ ማብሪያውን መልሰው ይፈትሹ፤ ካልተጨፈለቀ የሬጉሌተሩን ንባብ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰከንዱን፣ በእጅ ሚዛን የተገኙትን ሁለት ቁጥሮችና ቀኑን በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሰው ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ካቦም በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ይረዝማልና የካቦው ውጥረት አብሮ ይታይ።